አፕዴት ያመጣዋል? ስለ ሩጫ ሰዓት የጎደሉ አገልግሎቶች

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ስትመጣ ጋርሚን ፎርራነር 255 የሚባል የሩጫ ሰዓት አምጥታልኝ በእሱ ነው የምሮጠው፤ ለታላቁ ሩጫ እየተዘጋጀሁ ነው። አብራኝ የምትሠራው ልጅ 265 አላት። የእሷ ጠዋት ጠዋት ‹ትሬኒንግ ሬዲነስ› ብሎ ከመቶ ነጥብ ይሰጣታል፣ የእኔ ግን የለውም። አፕዴት ባደርገው ይመጣልኛል? አፕዴቱ ራሱ ደግሞ ስልኬ ላይ ይጀምርና ግማሽ ላይ ይቆማል። ባለፈው አፕዴት ካደረግሁት ወዲህ ጂፒኤስ እስኪይዝ ደጅ ላይ ያቆመኛል። የአማርኛ ቴክስት ሲገባልኝም ሳጥን ሳጥን ብቻ ነው የሚያሳየው። ሸጬው 265 ብገዛ ይሻለኛል?»

ሰላም እህቴ። ከዋናው ልጀምርልሽ፦ አይመጣም። ትሬኒንግ ሬዲነስ፣ ማለትም ሰውነትሽ ለልምምድ ምን ያህል ዝግጁ እንደሆነ የሚናገረው ነጥብ፣ 255 ላይ በአፕዴት አይገባም። ስለዚህ ለእሱ ብለሽ ከስልክሽ ጋር የገባሽበትን ትግል መተው ትችያለሽ። አፕዴቱን በሌላ ምክንያት ማድረጉ ግን ይጠቅምሻል፤ ከግማሽ የሚቆምበትንም ምክንያት እነግርሻለሁ።

ሰዓት ይዘውልኝ የሚመጡ ሯጮች አብዛኞቹ «ይሄ ይሄ የለውም፣ አፕዴት አድርግልኝ» ነው የሚሉት። የጎደለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላቸዋል። የሚጎድልበት ምክንያት ግን ይለያያል። አንዳንዱ ዕቃው ሰዓቱ ውስጥ የለም። አንዳንዱ ዕቃው አለ፣ ሕግ አልፈቀደለትም። አንዳንዱን ኩባንያው ራሱ አልሰጥም ብሎታል። አንዳንዱ ደግሞ ሰዓቱ ላይ ተቀምጦ ባለቤቱ አላየውም። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ካወቅሽ ሌላው ሁሉ ይቀልልሻል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጠቅስልሽ፤ ሰዓቶቹ የሚታወቁት በዚያ ስለሆነ።)

የዕቃው ነገር ግልጽ ነው። ፎርራነር 55 እና 245 የአየር ግፊት መለኪያ የላቸውም። የእንጦጦን ዳገት ስትወጪ ከፍታውን የሚገምቱት ከሳተላይት ብቻ ነው፣ የወጣሽውን ፎቅም አይቆጥሩም። ምንም ዓይነት አፕዴት መለኪያውን አይፈጥርላቸውም። የአንቺ 255 መለኪያው አለው። ከዚያም በላይ የሳተላይት ምልክት በሁለት ፍሪኩዌንሲ ይቀበላል፤ ፎቅ በበዛበት መንገድ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ባሕር ዛፍ ውስጥ ስትሮጪ መስመርሽ እንዳይዛባ የሚረዳሽ እሱ ነው። ፌብሩዋሪ 2024 ላይ የወጣው ፎርራነር 165 ከአንቺው ሰዓት በዕድሜ ያንሳል፣ ስክሪኑም ያምራል፣ ይህ ግን የለውም። አዲስ ሁሉ ከአሮጌ ይበልጣል ማለት አይደለም። ካርታም እንደዚሁ ነው፦ 955 እና 965 ሙሉ ካርታ የሚይዙት 32 ጊጋባይት ማከማቻ ስላላቸው ነው፣ 255 የሚያሳይሽ ባዶ ስክሪን ላይ የመንገድሽን መስመር ብቻ ነው።

የሕጉ ጉዳይ ትንሽ ይገርማል። ቬኑ 2 ፕላስ የሚባለው የጋርሚን ሰዓት ጃኑዋሪ 2022 ላይ ለገበያ ሲቀርብ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ማለትም ኢሲጂ፣ አልነበረውም። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ጃኑዋሪ 2023 ላይ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሲፈቅድ በአፕዴት መጣለት፤ ያም መጀመሪያ ለአሜሪካ ተጠቃሚዎች ብቻ ነበር። መለኪያው ዓመቱን ሙሉ ሰዎቹ እጅ ላይ ነበር ማለት ነው። ተቃራኒውም ይከሰታል። አፕል ማሲሞ ከሚባል የሕክምና መሣሪያ ኩባንያ ጋር በገባበት የፓተንት ክርክር ምክንያት ከጃኑዋሪ 2024 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሸጣቸው ሲሪስ 9 እና አልትራ 2 ሰዓቶች የደም ኦክስጅን መለኪያቸው ተዘግቶ ነበር የሚወጡት። ሴንሰሩ ውስጣቸው እያለ! አገልግሎቱ የተመለሰው ኦገስት 2025 ላይ ነው፣ ስሌቱ በሰዓቱ ፈንታ አይፎኑ ላይ እንዲሠራ ተደርጎ። ስለዚህ ዘመድ ከውጭ ሲያመጣልሽ «አሜሪካ የተሸጠው» እና «ዱባይ የተሸጠው» አንድ ሞዴል ሆነው ልዩነት ሊኖራቸው እንደሚችል እወቂ። በእጅ ሰዓት ሒሳብ መክፈልም ከዚሁ ወገን ነው፤ 255 ጋርሚን ፔይ አለው፣ ግን ካርዱን የሰጠሽ ባንክ ከኩባንያው ጋር ካልተስማማ አይሠራም።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። 255 እና 955 የወጡት በአንድ ቀን ነው፣ ጁን 2022። ትሬኒንግ ሬዲነስ ለ955 ተሰጠ፣ ለ255 አልተሰጠም። ዘጠኝ ወር ቆይቶ፣ ማርች 2023 ላይ፣ 265 ሲመጣ ይህንኑ ይዞ መጣ። እዚህ ላይ ልብ በይ፦ 255 እና 265 የልብ ምት የሚያነቡት በአንድ ዓይነት፣ በአራተኛው ትውልድ ሴንሰር ነው። ነጥቡን ለማስላት የሚያስፈልገው ሁሉ አንቺም ሰዓት ላይ አለ። የቀረው ለዋጋ ሲባል ነው። 255 ሲወጣ መነሻ ዋጋው 350 ዶላር ገደማ ነበር፣ 265 ደግሞ 450። በዚያ 100 ዶላር መካከል የሚለይ ነገር መኖር አለበት፤ ስክሪኑ አንዱ ነው፣ ይህ ነጥብ ሌላው። ብዙ የ255 ባለቤቶች በጊዜው ተቆጥተው ለኩባንያው ጽፈዋል፣ እኔም ቅሬታቸው ትክክል ነው እላለሁ። የዘጠኝ ወር ሰዓት አሮጌ አይባልም። ግን የንግድ ውሳኔ ስለሆነ የተበላሸ ነገር እንዳለ አድርገሽ አትጠብቂው።

ኩባንያው ሁልጊዜ ይነፍጋል ብል ግን ዋሸሁ። 255 ሲወጣ የሩጫ ኃይልን በዋት ለማየት የደረት ቀበቶ ወይም ወገብ ላይ የምትሰካ ትንሽ መሣሪያ መግዛት ነበረብሽ። በ2023 መጀመሪያ ላይ በመጣ አፕዴት ከእጅ አንጓ ብቻ እንዲያሳይ ሆነ፣ በነጻ። ስለዚህ «አፕዴት ምንም አያመጣም» የሚሉሽንም አትስሚ። እኔ የታዘብኩት ይህን ነው፦ ተተኪው ሞዴል እስኪወጣ አዲስ አዲስ ነገር ይመጣል፣ ተተኪው ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ የስህተት ማረሚያ ብቻ ይሆናል። ያንቺው ሁለተኛው ጊዜ ላይ ነው።

ሌላ አዲስ ምክንያትም ተጨምሯል። ማርች 2025 ላይ ጋርሚን ኮኔክት ፕላስ የሚባል በወር 6.99 ዶላር የሚከፈልበት አገልግሎት ጀምሯል። ነባሮቹ አገልግሎቶች በነጻ እንደሚቀጥሉ ኩባንያው ተናግሯል፤ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጻፍልሽ ምክርና ሌሎች ጥቂት ነገሮች ግን በክፍያ ናቸው። ትሬኒንግ ሬዲነስን ለ255 አይሰጥሽም፣ በዚህ ተስፋ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ፍለጋ እንዳትገቢ።

ይልቅ ያለሽን እንጠቀምበት። ያ ከመቶ የሚሰጠው ነጥብ በራሱ አዲስ ነገር አይለካም። ስድስት ነገሮችን ነው የሚደባልቀው፦ የትናንት ሌሊት የእንቅልፍ ነጥብ፣ የቀረሽ የማገገሚያ ሰዓት፣ ኤችአርቪ ስታተስ፣ የሰሞኑ የልምምድ ጫና፣ ያለፉት ሌሊቶች እንቅልፍ እና ያለፉት ቀናት ውጥረት። እነዚህ 255 ላይ ለየብቻ አሉልሽ። ጠዋት ስትነሺ የሚመጣልሽ ሞርኒንግ ሪፖርት ላይ እንቅልፍሽና ኤችአርቪሽ አለ። የማገገሚያው ሰዓትና ጫናው በታችኛው የግራ ቁልፍ ወደ ታች ስትሄጂ ይገኛሉ።

ኤችአርቪ ማለት በአንድ የልብ ምትና በሚቀጥለው መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል ይለዋወጣል የሚለው ነው። ሰውነትሽ ሲያርፍ ይለዋወጣል፣ ሲደክም ወይም ሊታመም ሲል እንደ ወታደር ሰልፍ እኩል ይሆናል። ሰዓቱ ይህን የሚለካው ተኝተሽ ነው። ለአንቺ የተለመደው መጠን የት እንደሆነ ለማወቅም ሦስት ሳምንት ያህል ሌሊት እጅሽ ላይ ማደር አለበት። ብዙ ልጆች «የእኔ ይህም የለውም» ብለው ይመጡና ሳይ ማታ ማታ ቻርጅ ላይ አድርገውት ነው የሚተኙት። አለው እኮ፣ እስኪያውቅሽ እየጠበቀ ነው። ቻርጁን ገላሽን ስትታጠቢ ወይም ቡና ሲፈላ አድርጊው። 255 ለዕለት ተዕለት አገልግሎት እስከ 14 ቀን እንደሚቆይ ነው የተነገረለት፣ ስለዚህ በየቀኑ መሰካትም አያስፈልገውም።

እኔ ለማሠለጥናቸው የምነግራቸው እንዲህ ነው። ስፒድ ወይም ዳገት ያለበት ቀን ጠዋት አራት ነገር እዪ፦ እንቅልፍ፣ ኤችአርቪ፣ ማገገሚያ ሰዓት፣ ጫና። አንዱ ብቻ ከተበላሸ (እንቅልፍ ወይም ኤችአርቪ ከወረደ፣ ማገገሚያ ሰዓት ወይም ጫና ከበዛ) ፕሮግራምሽን ሥሪ። ሁለቱ ከተበላሹ ስፒዱን ለነገ አሳልፈሽ ዛሬ ቀለል ባለ ፍጥነት ኮሮኮንች ላይ ሩጪ። ሦስቱ ከተበላሹ ተኚ። የጓደኛሽ ነጥብ ከዚህ የራቀ ነገር አይነግራትም። እንዲያውም የአንቺ ይሻላል እላለሁ፣ ምክንያቱም የቱ እንደተበላሸ ታውቂያለሽ። ነጥቡ 38 ነው ሲላት እንቅልፍ ነው ወይስ የትናንቱ ረጅም ሩጫ? ገብታ ካልፈለገች አታውቅም። አብዛኞቹ ደግሞ ገብተው አይፈልጉም።

የእኛን አገር ኑሮ ሰዓቱ እንደማያውቅም አስቢ። ሌሊት ተነስተሽ ቅዳሴ ከሄድሽ፣ ወይም በረመዳን ለሱሁር ከተነሳሽ፣ እንቅልፍሽን ቆርጦ ይቆጥርና ነጥቡን ይጥለዋል። በበዓል ማግስት ደግሞ ኤችአርቪ መውረዱ አይቀርም፣ ጠላውና ጠጁ ሥራቸውን ይሠራሉ። እነዚህን አንቺ ስለምታውቂያቸው አትደንግጪ። 265 ያላት ጓደኛሽም ቢሆን በዓል ማግስት በነጥቡ ብቻ ከፈረደች ትሳሳታለች።

አሁን ግማሽ ላይ ስለሚቆመው አፕዴት። ኔትወርኩን ነው የምትወቅሺው መሰለኝ። ብዙ ጊዜ ኔትወርኩ አይደለም። ስልክሽ ፋይሉን ከኢንተርኔት ቶሎ ያወርደዋል፤ ከስልኩ ወደ ሰዓቱ የሚያልፈው ግን በብሉቱዝ ነው፣ እሱም ባትሪ እንዲቆጥብ ተብሎ የተሠራ ቀጭን መስመር ስለሆነ በጣም ይዘገያል። በዚህ መካከል ስልክሽ ኪስ ውስጥ ስክሪኑ ጠፍቶ ይቀመጣል። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስ፣ ሳምሰንግ፣ ሻኦሚ ሁሉም ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከጀርባ የሚሠራውን አፕ ይገድሉታል። ሰዓቱን ከስልኩ የሚያገናኘው አፕ፣ ጋርሚን ኮኔክት፣ ተገደለ ማለት ማስተላለፉ ተቋረጠ ማለት ነው። ስልኩ ሴቲንግ ውስጥ ግቢና አፕስ፣ ከዚያ ጋርሚን ኮኔክት፣ ከዚያ ባትሪ የሚለው ላይ ገደቡን አንሺለት። ስሙ ከስልክ ስልክ ይለያያል፣ «አንሪስትሪክትድ» ወይም «ዶንት ኦፕቲማይዝ» የሚመስል ነገር ነው። ከዚያ አፕዴቱን ስታስጀምሪ አፑን ክፍት አድርገሽ ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛ ላይ ተያቸው። በብሉቱዝ የጆሮ ማዳመጫም በዚያ ሰዓት ባትጠቀሚ ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚሻለው ገመዱ ነው። ሰዓቱን ቻርጅ የምታደርጊበት ገመድ ዳታም ያስተላልፋል። ኮምፒውተር ላይ ጋርሚን ኤክስፕረስ የሚባለውን ፕሮግራም ጭነሽ ብትሰኪው በብሉቱዝ ግማሽ ቀን የሚያስጠብቅሽን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ቤት ኮምፒውተር ከሌለሽ ከጓደኛ ላፕቶፕ ላይ ይቻላል፣ በአካውንትሽ ገብተሽ ስትጨርሺ መውጣትሽን ብቻ አትርሺ። ላፕቶፕ ያልኩሽ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ ፋይሉ መሃል ላይ አይቆረጥም። ቢቆረጥም አትደንግጪ፣ ያልተሟላ ፋይል አይጫንም፣ እንደገና መላክ ነው። አደገኛው ፋይሉ ገብቶ ሰዓቱ ራሱን ሲጭን ቻርጁ የሚያልቅበት ነው፣ ስለዚህ ከግማሽ በላይ ባትሪ ሳይኖረው አታስጀምሪው። የ255 ሚዩዚክ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ዋይፋይ ስላለው ያለ ስልክም ያወርዳል። ተራው 255 ዋይፋይ የለውም። የአንቺ የትኛው እንደሆነ አልጻፍሽልኝም፤ ሜኑው ውስጥ ሙዚቃ የማስገቢያ ቦታ ካለው ሚዩዚኩ ነው።

ጓደኛሽ የደረሳት አፕዴት ለአንቺ ካልመጣ ብልሽት አይደለም። ሞዴሎቹ የየራሳቸው ሶፍትዌር አላቸው፣ ቁጥራቸውም አይገናኝም። አንድ ሞዴል ያላቸውም ቢሆኑ በአንድ ቀን አይደርሳቸውም፦ ኩባንያው መጀመሪያ ለጥቂት ሰው ይለቅና ችግር ካልታየ ያሰፋዋል። ይህን የማያውቅ ሰው ሰዓቱን ሪሴት አድርጎ ይጠብቃል፣ የሚያገኘው ነገር ግን የለም፣ ሴቲንጉን ማጥፋት ብቻ ነው።

ጂፒኤሱ ላይ አፕዴቱን መክሰስሽ አልገረመኝም፣ ሁሉም ይከሰዋል። ግን ሌላ ጥያቄ ልጠይቅሽ፦ ሰዓትሽን ከስልክሽ ጋር በስንት ቀንሽ ነው ዳታ ከፍተሽ የምታገናኚው? ሰዓቱ ሳተላይት ቶሎ የሚይዘው በሚቀጥሉት ቀናት የትኛው ሳተላይት የት እንደሚሆን የሚናገር ትንሽ ፋይል አስቀድሞ ስለሚቀበል ነው። ፋይሉ በየሲንኩ፣ ማለትም ሰዓቱ ከስልኩ ጋር ተገናኝቶ መረጃ በተለዋወጠ ቁጥር፣ ይታደሳል፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ጊዜው ያልፍበታል። ዳታ ለመቆጠብ ብሉቱዙን ዘግተሽ ሳምንት ከቆየሽ ሰዓቱ ሰማዩን ከዜሮ ነው የሚፈልገው፣ ያኔ ነው ደጅ ላይ ቆመሽ የምትቀሪው። ማታ ከመተኛትሽ በፊት አንዴ ሲንክ አድርጊው፣ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ጥቅልሽን አይበላም። ጠዋት ከቤት ወጥተሽ ሰማይ በሚታይበት ቦታ «ራን» የሚለውን ክፈቺ፣ አረንጓዴ እስኪሆን ጫማሽን እሰሪ። ከአፕዴት ወዲህ የሚለው ነገር እውነት ቢሆን እንኳ አፕዴት ሰዓቱን እንደ አዲስ ስለሚያስነሳው የመጀመሪያው ቀን ብቻ ነው የሚዘገየው። ከሳምንት በኋላም ከቀጠለ ፋይሉ ነው።

ይህ ፋይል ትንሽ ነው ብዬ ስናገር ግን አይናቅም። በጃኑዋሪ 2025 መጨረሻ በዓለም ዙሪያ ብዙ የጋርሚን ሰዓቶች ሰማያዊ ሦስት ማዕዘን እያሳዩ ቆመው ቀሩ። ሰው ጂፒኤስ ሲከፍት ሰዓቱ ይቆማል፣ ሲያጠፉትም ተመልሶ እዚያው። መንስኤው የተበላሸ የሳተላይት መረጃ ፋይል እንደሆነ ተዘገበ። ማንም በዚያ ቀን «አፕዴት» የሚል ነገር አልነካም ነበር፣ በተለመደው ሲንክ ነው የገባው። መፍትሔው ቁልፉን ይዞ ማጥፋት፣ ማብራት፣ ወዲያው ሲንክ ማድረግ ነበር፤ እምቢ ያለው ደግሞ ሪሴት ተደረገ፣ ያልተላለፈ ሩጫ የነበራቸውም ሩጫቸውን አጡ። ከዚያ ወዲህ እኔ ልጆቹን ከእያንዳንዱ ሩጫ በኋላ ሲንክ አድርጉ ነው የምላቸው። ሰዓት ላይ ብቻ የተቀመጠ ሩጫ ገና አልተመዘገበም ብለሽ ቁጠሪው።

ለታላቁ ሩጫ ስለምትዘጋጂም አንድ ነገር ልጨምር። ከውድድሩ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት አፕዴት አታድርጊ። አውቶ አፕዴቱን ሲስተም ውስጥ ገብተሽ ዝጊው፣ ውድድሩ ሲያልፍ ትከፍቺዋለሽ። አፕዴት አልፎ አልፎ ሴቲንግ ይቀይራል፦ የሳተላይቱ ምርጫ ወደ ባትሪ ቆጣቢው ሊመለስ ይችላል፣ በየኪሎ ሜትሩ የሚሰጥሽ ማንቂያ ሊጠፋ ይችላል፣ የሩጫ ስክሪንሽ ላይ ያሰለፍሻቸው ቁጥሮች ቦታ ሊለውጡ ይችላሉ። መስቀል አደባባይ ላይ በዚያ ሕዝብ መካከል ቆመሽ ፔስ የት ሄደብኝ ብለሽ ቁልፍ መነካካት አይመከርም። አዲስ ነገር መሞከር ካማረሽ በኮሮኮንች ሞክሪው። ቤታ የሚባለውን የሙከራ ሶፍትዌር ደግሞ ጨርሶ አትንኪው፤ ለፈታኞች ነው፣ ከገባ በኋላ ወደ ቀድሞው መመለሱም ቀላል አይደለም። አንዳንድ ልጆች ሬዲነስ ያመጣልኛል ብለው ይገቡበታል። አያመጣም።

ሳጥን ሳጥን የሚለውን ሳየው ጉዳዩ እኔንም ያበሳጨኛል። ፊደላችን ዩኒኮድ (ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ የሚጠቀሙበት የጋራ የፊደል መለያ) ውስጥ የገባው በ1999 ነው፣ ስለዚህ ስልክሽ ለሰዓቱ የሚልከው ትክክለኛውን ፊደል ነው። ችግሩ ሰዓቱ ያንን ፊደል የሚስልበት ፎንት ውስጡ የለም፣ ሲያጣ ባዶ ሳጥን ይስላል። ለቻይና፣ ለጃፓንና ለኮሪያ ገበያ የሚወጡት ሰዓቶች የየቋንቋቸው ፎንት ተጭኖላቸው ነው የሚወጡት። ስለዚህ ይህኛው በአፕዴት ሊስተካከል የሚችል ነው፣ ዕቃ አይጠይቅም፤ ኩባንያው ላድርገው ካለ ማለት ነው። አንቺ በራስሽ ፎንት ማስገባት አትችይም። ይህን እናደርጋለን የሚሉ ሰዎች ካገኘሽ ሰዓትሽን አትስጫቸው።

እዚህ ላይ ሰው የሚምታታበት ነገር አለ። ኮኔክት አይኪው ከሚባለው የጋርሚን መደብር የሚወርድ የሰዓት ገጽ የራሱን ፎንት ይዞ መምጣት ይችላል። ስለዚህ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በግዕዝ ቁጥር የሚጽፍ፣ ሰዓቱንም በእኛ ቆጠራ ከጠዋቱ አንድ ብሎ የሚጀምር ገጽ መሥራት ይቻላል፣ ፕሮግራም የሚጽፍ ወጣት የኩባንያውን መንኪ ሲ የሚባለውን ቋንቋ ቢማር በራሱ ይሠራዋል። ግን ያ ፎንት የሚያገለግለው ያንን ገጽ ብቻ ነው፣ ለመልእክቱ አያበድረውም። «ገጹ በአማርኛ ከጻፈ ቴክስቱስ ለምን?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱ ይህ ነው። ለጊዜው ስክሪን ላይ የላኪው ስም ብቻ እንዲታይ አድርጊ፣ ስሞቹንም ስልክሽ ላይ በላቲን ፊደል አስቀምጫቸው፤ ማን እንደላከልሽ ካወቅሽ ስልክሽን ለማውጣት ወይም ላለማውጣት ይበቃሻል። ኩባንያው ሐሳብ የሚቀበልበት ገጽ አለው፣ እዚያ ጻፊ። ስትጽፊ «አማርኛ ጨምሩ» ብቻ አትበይ፤ በእንግሊዝኛ ሞዴሉን፣ የሶፍትዌር ቁጥሩን እና የግዕዝ ፊደል መልእክት ላይ አይታይም የሚለውን አስቀምጪ። የትግርኛውም የአማርኛውም በአንድ ፎንት ስለሚፈታ አገሩን ሁሉና በውጭ ያለውን ሰው ቁጥር ቢያስቡት ቀላል ሥራ ነው።

ሸጬ 265 ልግዛ ላልሽው፦ ለሬዲነስ ብለሽ ከሆነ አትሽጪ። በዋናነት የሚጨመርልሽ ያማረ ንክኪ ስክሪንና ያ ነጥብ ነው። የሚቀነስብሽም አለ፤ በጂፒኤስ ተከፍቶ 255 እስከ 30 ሰዓት ሲባልለት፣ 265 እስከ 20 ሰዓት ነው። ለአሥር ኪሎ ሜትር ይህ ምንም አይደለም፣ መብራት እየጠፋ ቻርጅ ለሚቸግረው ሰው ግን ነው። በልዩነቱ ገንዘብ የደረት ቀበቶ ብትገዢ ይሻልሻል። ጠዋት በብርድ እንጦጦ ላይ ደም ከእጅ ሲሸሽ የእጅ አንጓ ሴንሰር ልብ ምትሽን ይስታል፣ ጫናሽና ማገገሚያሽ ሁሉ የሚሰላው ከዚያ የተሳሳተ ቁጥር ነው። ቀበቶው እሱን ያስተካክልልሻል። ሬዲነስ ቢኖርሽ እንኳ ከተሳሳተ ልብ ምት የተሠራ ነጥብ ነበር የሚያሳይሽ።

ስክሪኑን ወደሽው ልትለውጪ ከወሰንሽ ደግሞ ያገለገለ ስትገዢ ሻጩ ፊት ሰዓቱን ከእሱ ስልክ አስወጥተሽ ከራስሽ ጋር አገናኚው፣ ሲንክ ሲያደርግም እዪው። ከዚያ ሲስተም ውስጥ «አባውት» የሚለውን ከፍተሽ የሞዴሉን ስም አንብቢ፤ 265 እና 265 ኤስ በመጠንና በባትሪ ቆይታ ነው የሚለያዩት፣ 165 ን ግን 265 ነው ብለው የሚሸጡ አጋጥመውኛል፣ በመልክ ስለሚቀራረቡ። 165 ላይ ሬዲነሱም የለም። የአንቺን 255 ስትሸጪ ደግሞ መጀመሪያ ሩጫዎችሽ በሙሉ ኮኔክት ላይ መግባታቸውን አረጋግጪ፣ ሰዓቱን ከአካውንትሽ አውጪው፣ በመጨረሻ ሪሴት አድርጊው። በዚህ ቅደም ተከተል። መጀመሪያ ሪሴት ያደረገ ሰው ያልተላለፈ ሩጫ ቢኖረው አብሮ ይጠፋበታል።